«ጆሮው ላይ እንዴት እዘጋበታለሁ?»

ጥያቄ፦ አዘዞ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። በራችን ላይ «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል ትልቅ ወረቀት ከለጠፍን ዓመት አልፎታል። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ወር ሁለት አባሎቻችን ለደወለላቸው ሰው ኮዳቸውን ነግረው ገንዘባቸው ተወሰደ። አንዷ ሁልጊዜ ወረፋ የምትጠብቀው ወረቀቱ ሥር ተቀምጣ ነው። ሰው ለምን አያነብም?

መልስ፦ እህቴ፣ አንብበውታልኮ! ግን ወረቀቱ ያለው እናንተ በር ላይ ነው፤ ሌባው የሚደውለው ቤታቸው ሽንኩርት ሲከትፉ ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ የተለጠፈን ነገር ደግሞ ዐይን ይለምደዋል። ከግድግዳው አይለይም።

ቀሃ አካባቢ የሚኖሩት አክስቴ የደረሰባቸውን ልንገርሽ። የደወለው ልጅ «እማማ፣ እንዴት አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ ጀመረ። ከባንክ ነኝ አለ። ቀጥሎ «ሒሳብዎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊዘጋ ነው፣ አሁን የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። መጀመሪያ አክብሮት፣ ከዚያ ሥልጣን፣ ከዚያ ጥድፊያ። አክስቴ ጠርጥረው ነበር። «ታዲያ ለምን አልዘጉትም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሰው እያናገረኝ ጆሮው ላይ እንዴት እዘጋበታለሁ?» አሉኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ማስጠንቀቂያችን «አይስጡ» ይላል እንጂ ምን ብለው እንደሚሰናበቱ አይነግራቸውም። በጨዋነት ላደገ ሰው የጨዋ መውጫ ስጪው። በትልቁ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «እሺ ልጄ፣ ነገ ቢሮ መጥቼ እጨርሳለሁ።» ለማስቀመጥ ሲመጡ ደግሞ አንቺ ሌባውን ሁኚና ድምፅ አውጥተው ይመልሱልሽ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዊልያም ማክጓየር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ከክትባት ጋር አመሳስሎታል፦ ሊያሳምነው የሚመጣን ክርክር ደካማ ናሙና አስቀድሞ ቀምሶ የመለሰ ሰው፣ ዋናው ሲመጣ በተሻለ ይቋቋመዋል።

ማኅበራችሁ ኮድ በስልክ መልእክት የሚልክ ከሆነ ቅደም ተከተሉን እዩት። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይቀድማል፣ ማስጠንቀቂያው ይከተላል። አክስቴ ቁጥሩን አንብበው ሲጨርሱ ታችኛውን መስመር ገና አላዩትም ነበር። ገልብጡት፦ «ይህን ቁጥር በስልክ የሚጠይቅዎ ሌባ ነው» ይቅደም፣ ቁጥሩ ከሥሩ ይምጣ።

ሌላው ቁጣ ነው። እባካችሁ የተታለለ ሰው ላይ አትቆጡ። አክስቴ አፍረው ለሁለት ቀን ለማንም አልተናገሩም፤ ወዲያው ቢናገሩ ሒሳቡን ማሳገድ ይቻል ይሆን ነበር። በመስኮትሽ ላይ «ተታለው ከሆነ አሁኑኑ ይደውሉልን» ብለሽ ስልካችሁን በትልቁ ጻፊ። ሲመጡም የመጀመሪያ ቃልሽ «እንኳን መጡ» ይሁን።