እህቴ የላከችልኝ የአናናስ እንክብል

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር መንጋጋዬን ኦፕራሲዮን እሆናለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «እብጠት ይቀንሳል» ብላ ብሮሜሌን የሚባል የአናናስ እንክብል ልካልኛለች። ለልቤ አስፕሪን እወስዳለሁ። ልጀምረው?

መልስ፦ እንክብሉ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። እኔን ያሳሰበኝ አስፕሪኑ ነው። ብሮሜሌንም ደም የማቅጠን ባሕርይ አለው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ቁስሉ አልቆም ብሎ ሊደማ ይችላል። ዕቃውን ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩት። አስፕሪኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ አደራ!

ብሮሜሌን በተለይ ከአናናስ ግንድ የሚወጣ ኢንዛይም ነው። የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሳቸውን ባስነቀሉ ሰዎች ላይ ተሞክሯል፤ ውጤቱ ግን አንዴ ደህና፣ አንዴ ምንም። «ጁሱስ?» ካሉኝ፣ ለጣዕሙ ይጠጡት።

እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል፤ አይደንግጡ። እኔ ጥርሴን ያስነቀልኩ ጊዜ ፊቴ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር። ውሃ ያቆረ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ 20 ደቂቃ እይዝ፣ 20 ደቂቃ አርፍ ነበር። ይህ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ሲተኙ ትራስ ይደርቡ። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ እንደገና ካበጠ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።