ከቦሌ እስከ ዳለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ)፦ የበረራ ሰዓት ጥያቄዎቻችሁ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

በአጭሩ የአየር መስመር 11,560 ገደማ።

ትኬቱ ላይ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 8:00 ይደርሳል ተብሏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ልጄ ግን አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ትለኛለች።

ልጅዎ ልክ ነች። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የሚጻፈው። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ይጨምሩ። ሲመለሱ ያንኑ ይቀንሱ።

ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ሲመለስ ግን 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ይበራል። ርቀቱ ያው አይደለም?

ርቀቱ ያው ነው፤ የሚለየው መነሻው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳው ይበልጥ ሲፈጥን ነው። ለዚያ ፍጥነት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ የጎማውም አቅም ወሰን አለው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ነው፦ ወይ ሰውና ጭነት፣ ወይ ነዳጅ። ነዳጁ ከተቀነሰ እንደ ደብሊን ወይም እንደ ቶጎዋ ሎሜ ባለ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ መሙላት ነው። በረራው ማታ መሆኑ ጥቂት ይረዳል፤ ቀዝቃዛ አየር ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳል።

ነፋሱም አለ። በበረራ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገጥመው በ800፣ ቢገፋው በ1,000 ይጓዛል። በግማሹ መንገድ ላይ ብቻ እንኳ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ስክሪኑ ላይ መስመሩ ለምን ወደ ሰሜን ይጎብጣል?

ምድር ድቡልቡል ስለሆነች። ሉል ላይ ክር ወጥረው ሁለቱን ከተሞች ያገናኙ፤ ክሩ ራሱ በሜዲትራኒያን በኩል ይወጣል።

ትኬታችን እሑድ ማርች 15፣ 00:40 ይላል። እሑድ ሌሊት 6:40 ነው አይደል?

አይደለም! እባካችሁ፣ በዚህ ስህተት ትኬት ይቃጠላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። 00:40 እሑድ ማለት ቅዳሜ ማታ ከቤት ወጥታችሁ የምትበሩበት ሌሊት ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 3:40 ላይ ቦሌ መድረስ አለባችሁ።

ኢንሱሊን በሻንጣ ይሄዳል?

በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ታች ጭነት ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። የመውጊያ ሰዓቱን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

እናቴ 68 ዓመታቸው ነው። ባለፈው በረራ አንድ ባታቸው አብጦ ሁለት ቀን ቆየ። አስፕሪን ልስጣቸው?

አይስጧቸው። ሁለቱም እግር እኩል ቢያብጥ ብዙ ጊዜ ከመቀመጥ ነው፤ አንዱ ብቻ ሲሆን ግን ደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ከበረራ በኋላ አንድ ባት ካበጠና ካመመ በዚያው ቀን ሆስፒታል፤ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪሙ ከፈቀደላቸው በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይያዙላቸው፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ።