ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?

ይድረስ ከባድ ሞተር ሳይክል ለምትነዱና ለመንዳት ለምትመኙ ወጣቶች፤

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን ጎሚስታ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያገለገለ ትልቅ ቢኤምደብሊው በቅርቡ የገዛ አንድ ወጣት የኮምፕረሰሩን ቱቦ በእጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ የኋላው ጎማ ላይ 42 ይላል፤ 42 ላስነፋው?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜውን በጋራዥ የጨረሰ ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አያጣም። እኔ ግን ወዲያው መመለስ አቃተኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ጥያቄ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ያንን ሌላውን ጥያቄ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ረዳቴ ጠይቆኝ ተቆጥቼ አፉን አስይዤዋለሁ።

ጊዜው 2000 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። ስልሳ ዓመት የሚሆነው አንድ ጀርመናዊ፣ ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በኬንያ በኩል ወደ አገሩ እየተመለሰ፣ አዲስ አበባ እሠራበት ወደነበረው ጋራዥ ብቻውን መጣ። ሞተሩ ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ነበር፤ ነዳጁን ሞልቶ 225 ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ እኛ ከለመድናቸው ትንንሽ ሞተሮች አጠገብ ሲቆም በሬ ከጥጃ መካከል የቆመ የሚመስል። ያን ጊዜ አስፋልት ያልነበረው ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ ያለው ኮረኮንች የኋላ ጎማውን ቦጫጭቆት ስለነበር፣ ከኬፕታውን ጀምሮ አስሮ ያመጣውን ተለዋጭ ጎማ እንድገጥምለት ጠየቀኝ። የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ከፍቶ የነፋስ ልኩ የተጻፈበትን ገጽ ካሳየኝ በኋላ መጽሐፉን በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ ውጭ ካለው ወንበር ላይ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ገጹ ላይ፣ ባር በሚባለው የግፊት መስፈሪያ የተጻፈ ሁለት መስመር ነበር። የመጀመሪያው፣ ነጂው ብቻውን ሲሆን ለፊተኛው ጎማ 2.2 ባር፣ ለኋለኛው 2.5 ባር ይላል። ሁለተኛው፣ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ወይም ጓዝ ሲጫን ለፊተኛው 2.5፣ ለኋለኛው 2.9 ባር ይላል። እኔ የመጀመሪያውን አነበብኩና ለረዳቴ «ፊቱን 2.2፣ ኋላውን 2.5 በለው» አልኩት። ልጁ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ቱቦውን ይዞ ቆመና «ጋሼ፣ ሰውየው ብቻውን ነው የሚሄደው?» አለኝ። ሦስት መኪና እየጠበቀኝ ነበር፤ ደግሞም በደንበኛ ፊት በረዳት መጠየቅ ያን ጊዜ ነውር ይመስለኝ ነበር። «አንተ የታዘዝከውን ንፋ!» አልኩት። ነፋ። እኔም ከመጀመሪያ አሠሪዬ በወረስኩትና እጅግ በምኮራበት የናስ መለኪያ ለካሁት፤ ልክ 2.5 አለ።

እዚህ ላይ ስለዚያ መለኪያ ጥቂት ልበል። ሙያውን የተማርኩት ከከባድ መኪና ሰዎች ነው። የዚያን ጊዜ የጭነት መኪና ረዳቶች ከኋላ ጥንድ ሆነው የሚሽከረከሩትን ጎማዎች በብረት እየመቱ፣ ነፋስ የጎደለበትን በድምፁ ብቻ ይለዩት ነበር፤ እኔም በዚያ ጆሮ ካደግሁ በኋላ መለኪያ ሲጨመርልኝ ከእንግዲህ አልሳሳትም ብዬ አምኜ ነበር። መለኪያዬን ከሌላ መለኪያ ጋር አስተያይቼው አላውቅም።

ሰውየው ባለቤቱን ሆቴል ትቷት እንደመጣ ማን ጠየቀው? በማግስቱ ጠዋት እሷን ከኋላው አስቀምጦ፣ በግራና በቀኝ ሁለት የብረት ሳጥን፣ በላያቸው ድንኳን ጭኖ የጎጃምን መንገድ ያዘ። የራሱ መለኪያ ሻንጣው ውስጥ ነበረው፤ ነገር ግን ጎማውን ባለሙያ ገጥሞለት፣ መጽሐፉንም ራሱ አሳይቶት ስለነበር አልለካም። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ በመታጠፊያዎቹ ላይ የኋላው ጎማ ከነጂው ፈቃድ ውጭ ወዲያና ወዲህ መዋለል ጀመረ። ፍጥነቱን ቀነሰ። ከጥቂት መታጠፊያዎች በኋላ አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት ተጨማዶ ጉብታ ከሠራበት ቦታ ሲደርስ ሞተሩ ከእጁ ወጣና ወደቁ። እሱ ቆዳው ተላጠ፤ ባለቤቱ ግን ከባዱ ሞተር እግሯ ላይ አርፎ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። የጉዟቸው ፍጻሜ ያ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ እኛ ጋራዥ ተመለሰ። ሰውየው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረም፤ ተንበርክኮ ከሻንጣው ትንሽ መለኪያ አወጣና የኋለኛውን ጎማ ለካ። 2.2 አለ። እኔም ነፋስ አፍስሶ ይሆናል ብዬ በችኮላ የናሱን መለኪያ አመጣሁና ለካሁ። 2.5 አለ። ጎማው አንዲት ትንፋሽ አላፈሰሰም ነበር፤ ያው እኛ እንደነፋነው ነው። ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን መሬት ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። የተሳሳተው የእኔው የናስ መለኪያ ነበር፤ ስለዚህ 2.9 ሊኖረው የሚገባው ጎማ በ2.2 ሁለት ሰውና ጓዝ ተሸክሞ ተጉዟል ማለት ነው፤ ሩቡን ያህል ጎድሎበት። ረዳቴ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ዓይኔን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ፤ እኔም ያን ቀን ሆነ ከዚያ በኋላ «ልክ ነበርክ» አላልኩትም። በዓመቱ ሥራውን ትቶ ሄደ።

ለብዙ ዓመታት ራሴን የማጽናናበት ምክንያት ነበረኝ። መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ ያው ጎማ በመለኪያው ላይ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። «ዓባይ በረሃ ነው ያጎደለው» እያልኩ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ አሰላሁት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት የሚቀንሰው 0.15 ባር እንኳ አይሞላም፤ የበረሃው ሙቀት ደግሞ አየሩን በ15 ዲግሪ ቢያሞቀው ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምረዋል። ቁልቁለቱ የወሰደውን ሙቀቱ መልሶታል፤ ለእኔ የተረፈኝ ምክንያት አልነበረም። ጉብታውስ ቢሆን? አዎን፣ ጉብታው ባይኖር ምናልባት አይወድቁም ነበር። ነገር ግን በልኩ የተነፋ ጎማ ብዙ ጉብታ ይምራል።

ጎማ ሸክምን የሚሸከመው በላስቲኩ ብርታት ሳይሆን በውስጡ በታመቀው አየር ነው። አየሩ ለሸክሙ ሲያንስ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር አብዝቶ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ያግለዋል፣ ግለቱ ያደክመዋል፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቸርኬው ወደ አንድ በኩል ጎማው ወደ ሌላ በኩል ሊሄዱ ይታገላሉ። መቶ ሃያ ኪሎ የማትሞላ ሞተር ይህን ስህተት ትታገሣለች፤ ሁለት ሰውና ጓዝ ሲጫንበት ከአራት መቶ ኪሎ የሚያልፍ ሞተር አይታገሥም። ስለዚህ ለከባድ ሞተር «ትክክለኛው ነፋስ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ ማን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚጫን ሳይታወቅ ቱቦው ከቫልቮላው ጋር መገናኘት የለበትም።

ወጣቱ ጎማው ላይ ያነበበው 42 ደግሞ ብዙዎቻችሁን የሚያሳስት ነው። ፒኤስአይ በሚባለው በሌላው የግፊት መስፈሪያ የተጻፈው 42 ከ2.9 ባር ጋር አንድ ስለሆነ፣ እንደ ጀርመናዊው ያለ ሞተር ሙሉ ጭነት ሲሸከም ከኋላ ጎማው ልክ ጋር በአጋጣሚ ይገጥማል። ነገር ግን ያ ቁጥር የጎማ ሠሪው ጎማው ሊሸከም ከሚችለው ከባድ ሸክም ጋር የጻፈው የላይኛ ወሰን እንጂ ለእናንተ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም፤ የእናንተን ልክ የሚናገረው የሞተሩ መመሪያ ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው ፊትና ኋላውን 42 ቢያደርግ፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይጠባል፣ መሐሉ ብቻ ይበላል፣ በኮብልስቶንና በእርጥብ አስፋልት ላይም እንደ ኳስ ይነጥራል። የዛሬ ወጣቶች መመሪያ መጽሐፍ አታነቡም፤ በስልካችሁ አንድ ሰው በሌላ አገር፣ በሌላ ሞተር፣ ያለ ጭነት የተናገረውን ቁጥር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አትጠይቁም ማለት ግን ያሳፍረኛል፤ የጠየቀው ረዳቴ ነበር፣ ሁለተኛውን መስመር ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

መለካት ያለበት ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይኸውም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ካደረ ወይም ከዋለ በኋላ ነው። ስትነዱ ይግላል፣ ግፊቱም ይጨምራል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ያንን ጭማሪ አስቀድሞ አስቦበት የተጻፈ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ «በዛ» ብላችሁ ከጋለ ጎማ ነፋስ አታውጡ። በኮረኮንች ላይ ነፋስ የምታጎድሉ ደግሞ አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ መሙያ ሳትይዙ አታጉድሉ። መለኪያችሁን በየጊዜው ከሌላ ሰው መለኪያ ጋር አስተያዩት። በእጅ መጫን፣ በእግር መምታት ለከባድ ሞተር መለኪያ አይሆንም፤ ይህን እየጻፍኩም ዛሬ ጠዋት የልጄን ሞተር ጎማ በጫማዬ መታ መታ እንዳደረግሁ አልሸሽግም።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። «ከኋላ የሚቀመጠው ማን ነው?» አልኩት። «እናቴ ናት፤ ቅዳሜ ደብረ ሊባኖስ ላደርሳት ነው» አለኝ። ጎማው እንደቀዘቀዘ እንድንለካው ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሞተሩን እየገፋ እንዲያመጣልኝ ነገርኩት፤ ቤቱ ከጎሚስታው ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከተማውን ዞሮ፣ ጎማው እንደ ምጣድ ግሎ መጣ። ሞተሩን ጥላ ውስጥ አስገባን፤ እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስም እሱ ስልኩን፣ እኔ ጎማውን እያየን ተቀመጥን። ከዚያ በእሱ መለኪያና በእኔ መለኪያ ለካነው፤ 0.1 ባር ተለያዩ። የማን መለኪያ ትክክል እንደሆነ ተከራከርን፤ ሳንስማማም ሦስተኛ መለኪያ ፍለጋ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጋራዥ ተሻገርን።