ድጋፉ አለ፤ ወረቀቱስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አምስት ጥያቄዎች ከተለያየ ከተማ ቢመጡም ጉዳያቸው ይቀራረባል። ድጋፉ አለ፣ ጠያቂውም ይገባዋል፤ ግን ወይ ቀኑ አልፏል ወይ አንድ ወረቀት ጎድሏል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን። የጤና መድን ካርድ አውጥተን ነበር፤ ባለፈው ዓመት ግን ሳናሳድሰው ቀረን። አሁን አብራን የምትኖረው እናቴ ስኳር ተገኘባት። ጽሕፈት ቤት ሄጄ “እሷን ብቻ መዝግቡልኝ” ብላቸው አይሆንም አሉኝ። ለምንድን ነው? ለደሃ ነፃ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይሆንም ያሉዎት ደንቡ ስለሆነ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘግበው ቤተሰብን እንጂ ነጠላ ሰውን አይደለም። ከየቤቱ የታመመው ብቻ ቢመዘገብ ለሕክምና የሚወጣው ገንዘብ ከተሰበሰበው መዋጮ ይበልጥና ቋቱ ዓመት ሳይሞላው ይደርቃል። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች ውስጥ በሙከራ ሲጀመርም መሠረቱ ይኸው ነበር። የምዝገባና የእድሳት ወቅት ተቆርጦ የሚነገረውም ሰው እስኪታመም ጠብቆ እንዳይመጣ ነው።

በመደበኛው መዋጮ የሚታቀፉት አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። እናትዎ የሚገቡት በተጨማሪ አባልነት ነው፤ 18 የሞላው ልጅም እንደዚያው። ለእያንዳንዳቸው የተለየ ክፍያ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የቤተሰቡን አባልነት ያሳድሱ፤ በዚያው ቀን እናትዎን ያስጨምሩ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልጆቹን የልደት የምስክር ወረቀትና የሁላችሁንም ጉርድ ፎቶ ይያዙ። አሮጌውን ካርድ ጊዜው አልፏል ብለው አይጣሉት፤ የአባልነት ቁጥራችሁ በቀላሉ የሚገኘው ከእሱ ላይ ነው። እናትዎ ከሌላ ቦታ መጥተው መታወቂያቸው ገና የቀድሞ ወረዳቸው ከሆነ መጀመሪያ መሸኛ ማስመጣት ሊያስፈልግ ስለሚችል ይህን አስቀድመው ይጠይቁ። እድሳት ያቋረጠ ሰው አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜና የሚከፍለው ውዝፍ መኖር አለመኖሩም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሳይከፍሉ በፊት ያጣሩ።

ነፃ የሚባለው እውነት ነው። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ነገር ግን በየወረዳው በነፃ የሚታቀፈው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በልየታው ጊዜ ስም ዝርዝሩ ላይ ያልገባ ሰው ድሃነቱ ብቻውን ካርድ አያሰጠውም። ዝርዝሩ የሚጠናቀቀው ከምዝገባው ወቅት በፊት ስለሆነ ቀጣና ወይም ቀበሌ ላይ መጠየቅ ያለብዎት ምዝገባው ሳይታወጅ ነው። በነፃ የገባም ሰው ካርዱን በየዓመቱ ያሳድሳል። “እኔ ነፃ ነኝ፤ ምኑን አሳድሳለሁ?” ብሎ የተቀመጠ ሰው በሽታው ሲብስበት ካርድ ክፍል ላይ ይመለሳል።

ካርዱን ካገኙ በኋላ ትልቁ ስህተት በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ነው። መድኑ የሚሠራው ውል ባለው ተቋም፣ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ላይ ሲኬድ ነው። ሪፈር ሳይዙ ከሄዱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ወደ ቅርቡ ተቋም ይሮጣል፤ በዚያ ጊዜ ሪፈር አይጠበቅም። የሪፈር ወረቀቱን ሲቀበሉ ከክፍሉ ሳይወጡ ያንብቡት። ስሙ ካርዱ ላይ እንዳለው ነው? ካርዱ “ወልደገብርኤል” ብሎ ወረቀቱ “ወ/ገብርኤል” ካለ እዚያው ያስተካክሉት፤ ሆስፒታል ደርሶ በስም ልዩነት መመለስ የአንድ ቀን ሥራና የትራንስፖርት ወጪ ያስከፍላል። ፊርማና ማህተሙንም ይዩ፤ ማህተሙ ደብዝዞ ካልተነበበ እንደገና ያስመቱ።

ለስኳር ሕመምተኛ አስቸጋሪው የመድኃኒት እጥረት ነው። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከሌለ “የለም” የሚለው በቃል ብቻ እንዳይቀር በማዘዣው ላይ ያስጽፉና ከመድኑ ጋር ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን ይጠይቁ። ከግል ከገዙ ማዘዣውንና ሕጋዊ ደረሰኙን አብረው ያስቀምጡ፤ ገንዘቡ ይተካ እንደሆነ የሚጠየቀው በእነዚህ ነው። ኢንሱሊኑ አልቆ ከመሄድ ደግሞ አንድ ሳምንት ሲቀር መሄድ ይሻላል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የጤና መድን የለኝም። ክትትል ብጀምር ያስከፍሉኛል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ መደበኛ ወሊድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ለማንም ሰው ነፃ ናቸው፤ የድህነት ማስረጃም የመድን ካርድም አይጠየቅባቸውም። የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒትም እንደዚያው ናቸው። ነፃ መሆኑን ሳያውቁ ብር እስኪጠራቀም ክትትሉን የሚያዘገዩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እርስዎ ግን ነገ ይጀምሩ። ዕቃ ወይም መድኃኒት ከውጭ እንዲገዙ ከተነገረዎት በማዘዣ ላይ ይጻፍልኝ ይበሉና የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ያነጋግሩ። ወደ ግል ክሊኒክ ሄደው የሚነሡት አልትራሳውንድ ግን የራስዎ ወጪ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን የምንኖረው በእኔ ልብስ ማጠብ ነው። ሴፍቲኔት ሲመዘገብ ስሜ አልወጣም፤ ከእኔ የምትሻል ጎረቤቴ ግን ገብታለች። ለማን አቤት ልበል?
ከደሴ

መልስ፦ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ፣ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር የእርስዎ ከተማ አንዷ ነበረች። ምርጫው በሁለት መንገድ ይጣራል። ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ድሃ የሚላቸውን ይለያል፤ ከዚያ የየቤቱ መረጃ ይሰበሰባል፦ የቤተሰቡ ብዛት፣ መሥራት የሚችለው ስንት እንደሆነ፣ ቤቱ የተሠራበት ነገር፣ ያለው ንብረት። ስም የሚወጣው ወይም የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ መረጃ ነው። መዝጋቢው ሲመጣ ቤት ያልነበረ ሰው፣ ወይም አሳፍሮት የአከራዩን ቴሌቪዥን የራሱ ያስመሰለ ሰው፣ በራሱ ላይ ነጥብ ያስቆጥራል።

ዝርዝሩ ሰው በሚያየው ቦታ የሚለጠፈው ቅሬታ እንዲቀርብበት ነው። ቅሬታዎን በጽሑፍ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ያስገቡ። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ጎረቤትዎ አንድም ቃል ባይኖር ይመረጣል። ኮሚቴው የእሷን ጉዳይ ማየት ከጀመረ የእርስዎ ይረሳል፤ ጉርብትናውም ይበላሻል። የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦ “የቤተሰቤ ብዛት 6፤ ሠርቶ የሚያመጣ 1፤ ከ14 ዓመት በታች 4፤ የምንኖረው በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት፤ ገቢያችን ከልብስ አጠባ፤ መረጃ ሲሰበሰብ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ቤቴ አልታየም። ቤቴ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።” ቁጥሮቹን በእርስዎ ልክ ያስተካክሏቸው። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርገው ለራስዎ ያስቀሩ። ዙሩ ከተዘጋ በኋላ በቃል የሚቀርብ አቤቱታ ብዙም አያስኬድም፤ ቀጣዩ ልየታ ሲከፈት ግን ያ ቅጂ ሰነድ ይሆንልዎታል።

ቢገቡ ምን እንደሚጠብቅዎትም ይወቁ። መሥራት የሚችሉ ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራል፦ ጽዳት፣ አረንጓዴ ልማት፣ የውኃ መውረጃ ቦይ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የልማት ሥራው ለሦስት ዓመት ነው፤ ከክፍያው 20 በመቶ በቁጠባ ይቀመጣል። በመጨረሻ የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ ይከተላል፤ ብዙዎች የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። ሥልጠናውን ሳይከታተሉ፣ ምን እንደሚሠሩበት ሳያስቡ ገንዘቡ እጃቸው ይገባና ለቤት ኪራይ ያልቃል። እርስዎ ልብስ አጠባ ስለሚያውቁ ዕቅድዎን በዚያው ላይ ከመጀመሪያው ዓመት ያስቡበት።

ገጠር ላለ ዘመድዎ ቢጠየቁ፦ በገጠሩ ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ከተረጋገጠ በኋላ ከልማት ሥራው ወጥታ በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትታቀፋለች። ይህን ሳያውቁ ድንጋይ የሚሸከሙ እርጉዞች ስላሉ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማስረጃ መያዝ ነው።

ጥያቄ፦ የልጄ አባት ትቶን ሄዷል። ቀለብ ልከሰው ፈልጌ የዳኝነት ክፍያ ሲሉኝ ተመለስኩ።
ከድሬዳዋ

መልስ፦ የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። ከክሱ ጋር ይህንኑ የሚጠይቅ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ያለዎትን ንብረት ሁሉ ከግምት ዋጋው ጋር ይዘረዝራሉ፤ ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ያያይዛሉ፤ ራስዎ ቀርበው ይሰጣሉ። “ምንም የለኝም” ብለው አይጻፉ። ስልክዎን፣ ወንበርዎን፣ ምድጃዎን ጭምር ይዘርዝሩ። ዳኛው የሚመዝነው ያ ንብረት ክፍያውን ይችል እንደሆነ ነው፤ የተደበቀ ነገር ከተገኘ ግን ማመልከቻው ይወድቃል። የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት የአባቱን ስም የያዘ መሆኑን ይዩ። አባትየው ተቀጣሪ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም በክሱ ላይ ያስፍሩ፤ ፍርድ ቤቱ ደመወዙን ከአሠሪው ማጣራት ይችላል።

አይዘግዩ። ተከፋይ ሆኖ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ፣ ይቀራል። ለጽሑፉ ክፍያ ከከበደዎት የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነፃ ይረዳል።

ጥያቄ፦ እድራችን ለአቅመ ደካማ አባላት የጤና መድን መዋጮ ሊከፍል ወስኗል። ምን እንጠንቀቅ?
የእድር ጸሐፊ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ስም ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ፤ ከመካከላቸው አስቀድሞ በነፃ የተያዘ ሊኖር ይችላል። የእሱን ድርሻ ለሌላ ታውሉታላችሁ። ለእማማ እገሌ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባቸው ክፈሉ። ደረሰኙ በእድሩ ስም በጅምላ እንዳይቆረጥ፣ በየአባወራውና በየእማወራዋ ስም ይሁን፤ ካርድ የሚታተመው በዚያ ነው። ብዙ እድር የሚሳሳተው ገንዘቡን ሰብስቦ ወርኃዊ ስብሰባው እስኪደርስ ሲጠብቅ ነው፤ በዚህ መሐል ምዝገባው ይዘጋል። ሁለት ሰው ወክሉና የተሰበሰበው በየሳምንቱ ገቢ ይደረግ። ካርዶቹ ሲመጡ ፎቶ ያልተለጠፈባቸውንና ስም የተሳሳተባቸውን ለይታችሁ መልሱ፤ የቀሩትን በፊርማ አስረክቡ። የሚታደሱበትን ቀን ደግሞ የእድሩ መዝገብ ላይ፣ ከአባሉ ስም ጎን ጻፉት።