ሕያው ተክል ለእባብ ጉዝጓዝ ይሆናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው በቤት ውስጥ በሚያድግ እባብ ሳጥን ተክል ስለ መትከል ናቸው። ለብዙዎቻችን እባብን ከቤት ማኖር እንግዳ ነገር ነው። ልጆቻችን ግን በሚኖሩበት አገር ከጓደኞቻቸው አይተው ያመጡታል። እንስሳው አንዴ ከቤታችን ከገባ ደግሞ በደንብ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄዎቹን ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ኮርን ስኔክ የሚባል እባብ አለው። ከሳጥኑ ሰጋቱራውን አውጥቶ ሣር ላብቅልበት ይላል። እኔም እንደ በዓል ቄጤማ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ይሆናል? (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሣሩ ብቻውን ግን ጉዝጓዝ አይሆንም። ቄጤማ ተጎዝጉዞ በዓሉ ሲያልፍ ይጠረጋል። እባቡ ግን ሌት ተቀን እዚያው ላይ ነው የሚተኛው። ታጭዶ የተነሰነሰ እርጥብ ሣር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ሥር ሰዶ የሚያድገው ደግሞ ብዙ ብርሃንና ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ሣሩ በጠጣ ቁጥር የእባቡ ሆድ እርጥብ ላይ ይውላል። ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እንስሳ ነው፤ ቀኑን ከቅጠል፣ ከግንድና ከልጥ ሥር ተሸሽጎ ማሳለፍ ይወዳል። ሣር ላይ ብቻ ከተቀመጠ መግቢያ ያጣል።

ጉዝጓዙ አፈሩ ነው፤ ተክሉ አፈሩ ላይ የሚኖር ጎረቤት ነው። ልጅዎ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀላል የሸክላ ጠጠር ያንጥፍ፤ ትርፍ ውሃ ወደዚያ ይወርዳል። በጠጠሩ ላይ ውሃ እያሳለፈ አፈር የሚያስቀር መረብ ይዘርጋ። ከዚያ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ያድርግበት፦ ማዳበሪያ ያልገባበት የአትክልት አፈር፣ የኮኮናት ቃጫና ጥቂት አሸዋ ተደባልቆ። በመጨረሻ ደረቅ የኦክ ቅጠል በብዛት ይበትንበት። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማየው ይህን ደረቅ ቅጠል ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ለተክሉ ሲረጥብ እባቡ የሚተኛበት ላዩ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ መሸሸጊያም ይሆነዋል።

አፈሩ ውስጥ ስፕሪንግቴይልና አይሶፖድ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ይጨመራሉ። ሻጋታውን፣ የበሰበሰውን ቅጠልና ፍርፋሪውን እየበሉ አፈሩን ያጸዳሉ። የእባቡን ዓይነ ምድር ግን ልጅዎ ባየ ቁጥር በማንኪያ ማንሳት አለበት፤ ያን ሁሉ ለእነሱ መተው ሳጥኑን ያገማዋል። ተክሉ ሥር እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እባቡ በሌላ ሣጥን ቢቆይ መልካም ነው። እስከዚያው ሰጋቱራው ምንም አይለውም፤ የአስፐን ዛፍ ከሆነ ማለቴ ነው። የሴዳርና የጥድ ሰጋቱራ ግን ሽታው ራሱ ጎጂ ስለሆነ ዛሬውኑ ያውጡት።

ቦል ፓይተን የሚባለው እባቤ 1 ሜትር ከ20 ነው። የተከልኩትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ደፍጥጦ ያድራል። የሚቋቋመው ተክል የትኛው ነው? (ዳላስ)

ወንድሜ፣ ሳንሴቬሪያ ትከል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ውሃ ቢዘገይበትም አይሞትም። እሱም ቦል ፓይተኑም የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች መሆናቸው ለእኔ ልዩ ደስታ ይሰጠኛል። ፖቶስም ይሆናል፤ ከታች ቢደፈጠጥ እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሐረጉን ወደ ላይ ብታስይዘው ደግሞ የተሻለ ነው። ለስላሳ ፈርን አትሞክር። ከቻልክ ተክሉን ከነማሰሮው አፈር ውስጥ ቅበረው፤ ሲጎዳ አውጥተህ ሌላ ትተካለህ። በሥሩ ዙሪያ ድንጋይ ደርድርበት። ከሁሉ በላይ ግን ወፍራም ቅርንጫፍና የቡሽ ዛፍ ልጥ አስገባለት፤ የሚወጣበት እንጨት ያገኘ እባብ ተክሉን ብዙ አይጫነውም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔን ዋጋ ስላስከፈለኝ ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን ተክል ቅጠሉን ብቻ አጥቤ ተከልኩት። ከሳምንት በኋላ አይሶፖዶቼ አንድ ሳይቀሩ አለቁ። ተክሉ በውስጡ የሚዘዋወር ፀረ ተባይ ተሰጥቶት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ቅጠል ማጠብ አያወጣውም። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ሁሉ የሱቁን አፈር ከሥሩ አራግፌ በንጹሕ አፈር እተክለዋለሁ፤ ለብቻው አቆይቼ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ነው የማስገባው። አንተም እንዲሁ አድርግ።

ፖቶስ መርዝ ነው ይሉኛል። እባቡን አይገድለውም? (አባት፣ አትላንታ)

ፖቶስ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚያኝከውን አፍ ይለበልባል። እባብ ቅጠል አይበላም፤ ስለዚህ ለእሱ አያሰጋም። ይልቅ ለድመትዎና ለሚድህ ሕፃን ይጠንቀቁ። ወደ ሳጥኑ መግባት የሌለበት እሾሃማ ነገርና የቁልቋል ወገን ነው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ሲነካ ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት ያደገ ሰው ያውቃል።

ተክል ካስገባሁ ከሁለት ወር በኋላ የቦል ፓይተኔ ሆድ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሳጥኑም ይሸታል። ማሞቂያው ከሥር የሚነጠፈው ነው። (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ይህ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ዛሬ እባቡን አውጥተው ወረቀት በተነጠፈበት ንጹሕና ደረቅ ሣጥን ያኑሩት፤ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም የእንስሳት ሐኪምም ጋ ይውሰዱት። እርጥበት ከቆሻሻ ጋር ሲቆይ ቅርፊቱ ይበሰብሳል፤ ከዘገየ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ይገባል። ቃጠሎም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ አይቶ ይለየዋል።

ከዚያ ወደ አፈሩ ይመለሱ። እፍኝ አንስተው ይጭመቁት፤ ውሃ ጠብ ካለ በዝቷል። ተክሉን ለማጠጣት ሳጥኑን በሙሉ መርጨት አያስፈልግም፤ ከሥሩ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። ከሥር የሚነጠፈውን ማሞቂያም ያንሱት። ወፍራም አፈር ሙቀቱን ይይዘዋል፤ መስታወቱ ከታች ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሙቀት ፍለጋ የሚቆፍር እባብ ደግሞ ሄዶ ይቃጠልበታል። ሙቀቱ ከላይ ይምጣ፤ ማሞቂያው መከለያ ይኑረው፣ ሙቀቱን የሚመጥን መሣሪያ (ቴርሞስታት) ይቆጣጠረው። በሞቃቱ ጥግ ከ31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ተክሎቹን ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ያዛውሯቸው።

የኬንያ ሳንድ ቦአ ገዝቻለሁ። ምን ልትከልለት? (ተማሪ፣ ለንደን)

እህቴ፣ ስሙ የኬንያ ቢባልም ከግብፅ እስከ ታንዛንያ ይኖራል፤ ኢትዮጵያም ውስጥ አለ። ደረቅ አገር የሚኖር፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚውል እባብ ነው። የተከልሽውን ሁሉ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ለተክሉ የምታፈሺው ውሃ ደግሞ ለእሱ አይበጀውም። ብትችይ ተክሉን ተይው። ልቅና ደረቅ አፈር ከአሸዋ ጋር ደባልቀሽ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ስጪው። አረንጓዴ ካላየሁ ካልሽ ትንሽ እሬት በከባድ ማሰሮ አድርገሽ ጥግ ላይ አስቀምጪ፤ ማሰሮው ሳጥኑ ወለል ላይ ይረፍ እንጂ አሸዋው ላይ አይቁም፤ እባቡ ከሥሩ ሲቆፍር እንዳይጫነው።

የልጅ ልጄ ከእባቡ ሣጥን ያወጣውን አፈር ለበሶብላዬና ለጤና አዳሜ ላድርገው? ጥቁር፣ ያማረ አፈር ነው። (ሲያትል)

እማማ፣ አያድርጉት። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ በዓይነ ምድሩም ወደ አፈሩ ይገባል። ጤና አዳሙን ደግሞ ሳያበስሉ ነው ቡናዎ ውስጥ የሚነክሩት። አፈሩ በፌስታል ታስሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ። የልጅ ልጅዎ ሳጥኑን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዕቃውንም ሳህን በሚታጠብበት ቦታ አይጠብ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ እባቡንም አፈሩንም እንዲነካ አይፍቀዱለት።