50 ኪሎ ሜትር ላይ የሚንቀራፈፈው መስመር

ጥያቄ፦ ሁለቱ የዳታ ማዕከሎቻችን 50 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። የስቶሬጅ ስዊቾቻቸውን በ8 ጊጋቢት ፋይበር ቻናል (ሰርቨርና ስቶሬጅ ዳታ የሚለዋወጡበት ኔትወርክ) አገናኘናቸው። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ስህተትም አያሳይም። ኮፒው ግን ኤሊ ሆነብን። ኬብሉ ይሆን?

መልስ፦ ኬብሉን ተወው፣ ምንም አላደረገህም። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ኬብልና ሞጁል ስቀያይር ውዬ፣ ጥፋቱ ሴቲንግ ላይ ተገኘ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ የክሬዲት ነው። ላኪው ስዊች የሚልከው ተቀባዩ በሰጠው የባፈር ክሬዲት ልክ፣ ማለትም ተቀባዩ ባዘጋጀው ማቆያ ቦታ ልክ ብቻ ነው። አንድ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ሲልክ አንድ ክሬዲት ይቀነስበታል። «ተቀብያለሁ፣ ቦታ አለኝ» የሚል ምላሽ ሲመጣ ይመለስለታል። ክሬዲቱ ካለቀ ቆሞ ይጠብቃል። ብርሃን ደግሞ በፋይበር ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ያንተ ደርሶ መልስ 500 ማይክሮ ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ፖርቱ 8 ክሬዲት ብቻ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው።

በ8 ጊጋቢት፣ ለትላልቅ ፍሬሞች፣ በኪሎ ሜትር 4 ክሬዲት ያዝ። ላንተ 200 መሆኑ ነው። ፍሬሞችህ በአማካይ የትልቁ ፍሬም ግማሽ ከሆኑ 400 ያስፈልግሃል። እዚህ ላይ አትሰስት። ሁለቱንም ጫፍ አስተካክል፤ አንዳንድ ስዊች ለረጅም ርቀት የተለየ ላይሰንስ ይጠይቃል።

ከመንካትህ በፊት ግን ክሬዲት ዜሮ የሆነበትን ጊዜ የሚቆጥረውን ቆጣሪ እይ። ካስተካከልክ በኋላም ቆጣሪው እየሮጠ ከቀጠለ፣ ፍሬሞችህ ካሰብከው ያነሱ ሳይሆኑ አይቀርም። ክሬዲቱን ጨምርበት።