"በጀት የለም" ማለት በሕግ መልስ ይሆናል?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዓይነ ስውር ናት፣ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ኮምፒውተሯ ላይ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) እንዲጫንላትና ወረቀት የሚያነብላት ረዳት እንዲመደብላት ብትጠይቅ "በጀት አልተያዘም፣ ለከርሞ እናያለን" አሏት። ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ግን ለአዳራሽ፣ ለባነርና ለቲሸርት ብር ወጣ። በዚያ ላይ የስድስት ወር ምዘናዋ ላይ "ሥራ ታዘገያለች" ተብሎ ነጥቧ ተቀነሰ። "መክሰስ እችላለሁ ወይ?" ትላለች።

እህቴ፣ በደንብ ትችያለሽ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውን እንዲያመቻች፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። የሚያመልጠው ነገሩ ከአቅሙ በላይ ጫና የሚሆንበት ከሆነ ብቻ ነው፣ ይሄም የሚለካው በወጪው ልክ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስፋትና በሠራተኛው ብዛት ነው እንጂ "ዕቅዳችን ውስጥ አላስገባነውም" በማለት አይደለም፣ አለማስገባቱ የራሱ ጥፋት ነው። ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው፣ አንድ የአይቲ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ይጭነዋል፣ እና የትኛው በጀት ነው የጠፋው? ረዳቱ ወጪ አለው፣ ልክ ነው፣ ግን ስካን ተደርጎ የሚመጣ ደብዳቤ ለሶፍትዌሩ ፎቶ ስለሆነ አያነበውም፣ ስለዚህ ያለ ሰው አይሆንልሽም፣ ማመልከቻሽ ላይ ይሄን ዘርዝረሽ ጻፊው።

የቲሸርቱ ነገር እኔንም አናዶኛል። ለበዓሉ የወጣው ወጪ በሰነድ ካለ ኮፒውን ያዢ፣ ብር ነበር ግን ለአንቺ አልዋለም ለማለት ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) ላይ ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገውን ድጋፍ ከአገሪቱ አቅም ጋር ያያይዘዋል፣ አለቆች "አቅም" የምትለዋን ይዘው ሊከራከሩሽ ይችላሉ፣ ግን ያ የመንግሥትን ጠቅላላ ግዴታ ነው የሚያወራው፣ የአንቺ አሠሪ ግዴታ በአዋጁ ለብቻው ተቀምጧል።

ክስ ብትመሠርቺ መድልዎ ተፈጽሟል ብለሽ የማስረዳት ሸክም አንቺ ላይ አይወድቅም፣ አዋጁ ግልጽ አድርጎታል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም ስላንቺ ሊከስ ይችላል፣ ብቻሽን መጋፈጥ ከከበደሽ ይሄ ጥሩ መንገድ ነው። ቅጣቱ ከ2000 እስከ 5000 ብር ነው፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ምንም ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ዳኝነት ስትጠይቂ ዋናው ነገር "ይሟላላት" የሚል ትእዛዝ ይሁን። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጋ አመልክቺ፣ ክፍያ የለውም፣ ደብዳቤያቸው ብቻውን ብዙ ጊዜ ነገር ያንቀሳቅሳል።

ጥያቄሽን በቃል አትተይው። በጽሑፍ አድርገሽ ለቅርብ አለቃሽ፣ ለሰው ሀብትና ለአካቶ ትግበራ ክፍሉ ስጪ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር አስመቺበት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጥያቄ ሳይላክ ለዕቅድና በጀት ክፍሉም ግልባጭ ይድረስ፣ ያኔ ለከርሞ "አላወቅንም" የሚሉበት አይኖርም።

ምዘናው ግን አይቆይም። መሣሪያ ሳይሰጡ ዘገየሽ ብሎ ነጥብ መቀነስ ራሱ መድልዎ ነው፣ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ማመቻቸትን መከልከል መድልዎ ነው ይላል። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነውና በዚህ ሳምንት ቅሬታ ሰሚው ጋ አስገቢ፣ ካልተቀበሉሽ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቀሽ የመንግሥት ሠራተኞችን ክርክር የሚያየው አስተዳደር ፍርድ ቤት ጉዳይሽን በይግባኝ ይቀበል እንደሆነ አጣሪ።